መልእክት ሲታተም ለሚጠፋ የከርነል ብልሽት የሚሆን መከታተያ

ለመመረቂያ ሥራዎ በሚጽፉት ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ውስጥ፣ ስኬጁለሩ (የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ክፍል) ላይ ወደ ሲሪያል ፖርት (ፊደላትን ተራ በተራ የሚያወጣ ማገናኛ) መልእክት የሚያወጣ መስመር ሲጨምሩ ብልሽቱ እንደሚጠፋ፣ ሲያነሱት ደግሞ ተመልሶ እንደሚመጣ ገልጸው፣ መከታተያውን (ክስተቶችን የሚመዘግበውን ኮድ) እንዴት ቢነድፉት እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሳምንት አባክኛለሁና ያየሁትን ልጻፍ።

በ115200 ባውድ (ቢት በሰከንድ) የሚሠራ ሲሪያል ፖርት በሰከንድ ወደ 11500 ፊደላት ብቻ ያወጣል፤ ስለዚህ 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር 7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሁለት ሲፒዩዎች በማይክሮሰከንድ ልዩነት የሚሻሙበትን ቦታ እየፈለጉ በየመሐሉ ይህን ያህል መዘግየት ማስገባት፣ ከበሮ እየመቱ ድኩላ እንደ ማደን ነው።

ስለዚህ ክስተቱ በሚፈጠርበት ቅጽበት ቁጥሮችን ብቻ መዝግበው ይለፉ፤ ወደሚነበብ ጽሑፍ መለወጡ በኋላ ይደርሳል። እኔ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ የራሱን የቀለበት ባፈር (ሲሞላ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጻፍበት የሜሞሪ ማከማቻ) ሰጥቼ፣ በየመዝገቡ 8 ባይት ሰዓት፣ 4 ባይት የክስተት መለያ፣ 4 ባይት የፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ቁጥርና ሁለት ባለ 8 ባይት እሴቶች አስቀምጣለሁ፤ ድምሩ 32 ባይት ስለሆነ 4096 መዝገቦች 128 ኪሎባይት ይይዛሉ። ባፈሩ ሲሞላ አዲሱ የቆየውን ይተካል፤ የሚፈለገው ከብልሽቱ በፊት ያለው ጥቂት ጊዜ ነውና።

የመጀመሪያው ንድፌ ባፈሩን በስፒንሎክ (አንዱ ሲይዘው ሌላው እስኪለቀቅ ድረስ የሚጠብቅበት ሎክ) ይጠብቅ ነበር። ሎኩ እንደተያዘ በዚያው ሲፒዩ ላይ ኢንተራፕት (ሲፒዩው የያዘውን አቋርጦ ሌላ እንዲያስተናግድ የሚያስገድድ ጥሪ) መጣ፤ ኢንተራፕቱን የሚያስተናግደው ኮድም ሊመዘግብ ያንኑ ሎክ መጠበቅ ጀመረ፤ ሎኩን የያዘው ኮድ ደግሞ ስለተቋረጠ ሊለቀው አልቻለም፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። አሁን ቦታ የምይዘው በአንድ አቶሚክ (መሐሉ ሊቋረጥ የማይችል) ድመራ ስለሆነ፣ መሐል ላይ የገባ ኢንተራፕት ቀጣዩን ቦታ ይወስዳል። በግማሽ የተጻፈ መዝገብ እንዳያሳስተኝም መለያውን መጀመሪያ ዜሮ አደርገዋለሁ፤ ትክክለኛውን የምጽፈው ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ነው። ኮምፓይለሩ ይህን ቅደም ተከተል እንዳያዛባው ባሪየር (የጽሕፈቱን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ማስገባት አይርሱ (እኔ ረስቼ አውቃለሁ)።

ሊኑክስ በ2008 እ.ኤ.አ. ኤፍትሬስን (የከርነሉን መከታተያ) ከስሪት 2.6.27 ጋር ሲያመጣ፣ መከታተያው ሲጠፋ ወጪ እንዳይኖረው መከታተያውን የሚጠሩትን መመሪያዎች እየሠራ ባለው ከርነል ውስጥ ምንም በማይሠራ መመሪያ ይተካ ነበር። ዘዴው ውብ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ስሪት የሙከራ ወቅት፣ ኮዱ ከሜሞሪ ተነሥቶ አድራሻው ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላ ኤፍትሬስ እዚያው ላይ በመጻፉ የኢንቴል ኢ1000ኢ ኔትወርክ ካርዶችን ቋሚ ሜሞሪ አበላሽቷል። ለእርስዎ አንድ ተራ የማብሪያና ማጥፊያ ተለዋዋጭ ይበቃል።

ከርነሉ ፓኒክ ሲያደርግ (ሊወጣው በማይችለው ስሕተት ሥራውን ሲያቆም) በቅድሚያ ምዝገባውን ያቁሙ፤ ከዚያም ባፈሮቹን በሰዓት ቅደም ተከተል አዋህደው ወደ ሲሪያል ፖርቱ ያውጡ፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ አይጎዳም። የእኔ ብልሽት የታየው በዚህ መንገድ ነው፤ አንደኛው ሲፒዩ የፕሮሰስ 12ን ሬጅስተሮች (ሲፒዩው ውስጥ የያዛቸውን እሴቶች) አስቀምጦ ሳይጨርስ፣ ሌላው ያንኑ ፕሮሰስ ከወረፋው አንሥቶ ማስኬድ ጀምሮ ነበር።