አያትሽ ስትነቀስ ውበት፣ አንቺ ስትነቀሺ ብልግና?

ባለፈው ወር ስለ ሠርግ ልብስ ስጽፍ፣ ትከሻ ላይ ያለ ታቱን በሜካፕ ስለመሸፈን አንድ መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቬሎው የጠየቀኝ የለም። የመጣው ሁሉ ስለ ታቱ ነው። አብዛኛው ከሴቶች፣ ጥቂቱ ደግሞ ስለ ሴቶች ከወንዶች። ሰባቱን መርጬ እነሆ። በነገራችን ላይ እኔ ታቱ የለኝም። ምክንያቱ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። መርፌ እፈራለሁ።

«እጮኛዬ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። ቡና ሳቀርብ እጅጌዬ ተሰብስቦ እናቱ አንጓዬ ላይ ያለችውን ትንሽ ወፍ አዩ። ለኔ ምንም አላሉኝም። ማታ ግን ለልጃቸው ‹ይቺ ልጅ ያሳለፈችው ነገር አለ› አሉት። ሁለት ዓመት አብረን ነን። አሁን ‹ለሠርጉ በሌዘር አጥፊው› እያለኝ ነው። የሚገርመው፣ እሳቸው ራሳቸው ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው።» (የ27 ዓመት ሴት፣ አዲስ አበባ)

መጨረሻው ላይ ስደርስ ሳቅኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እሳቸው ሲነቀሱ ምን እንደነበር ላስታውስሽ። ነቃሿ ትጠራለች። በመርፌ ወይ በእሾህ ድዱን ደም እስኪያወጣ ትወጋጋዋለች። ከዚያ ከምጣድ ወይ ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ ይታሽበታል። ድዱ ያብጣል። በርበሬ ያለበት ወጥ ለቀናት አይታሰብም። ሲድን ድዱ ይጠቁርና ጥርሱ ወተት መስሎ ይወጣል። አንገት ላይ ሲሆን የማይወልቅ ሐብል ነው፣ ሌባም አይወስደው። ግንባር ላይ ሲሆን መስቀል ነው። በጎንደርም፣ በወሎም፣ በትግራይም እንዲህ ማጌጥ ወግ ነበር። አዝማሪውም ቆንጆ ሲያሞግስ የአንገቷን ንቅሳት አይዘላትም።

የኔም አያት አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ነበራት። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥራቸው ነበር። አንድ ቀን «ሲነቅሱሽ አመመሽ?» አልኳት። «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። የአያቴን ንቅሳት የወሰኑት እናቷና አክስቶቿ ናቸው። እጅ እግሯን የያዙላትም እነሱ ናቸው። ያንቺን ወፍ የወሰንሽው አንቺ ነሽ፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ፣ ከራስሽ ደመወዝ ከፍለሽ። ቀለሙ ያው ቀለም ነው። ብዙ ሰው የሚያንገበግበው «ማን ፈቀደላት?» የሚለው ነው። ወንድምሽ ክንዱ ላይ አንበሳ ቢያስነቅስ «ወጣትነት ነው፣ ያልፍለታል» ይባላል እኮ።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ ያማረ ነበር እያልኩ አይደለም። ንቅሳትን ትምህርት ቤት ከእንጥል ማስቆረጥና ከወተት ጥርስ ማስነቀል ጋር ተደርድሮ፣ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ተብሎ ተምረነዋል። በአንድ መርፌ ስንት ልጅ እንደተወጋ ሳስብ አስተማሪዎቻችን አልተሳሳቱም። ስለዚህ አማትሽን «እርስዎስ?» ብለሽ ለመርታት አትሞክሪ። ይልቅ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጣችሁ «እማማ፣ ድድዎን ማን ነቀሰዎት?» በያቸው። ወሬው ራሱ መንገድ ያበጅላችኋል። የነቃሿን ስም ሳይቀር ቢነግሩሽ አይግረምሽ።

ከአማትሽ ይልቅ ያሳሰበኝ እጮኛሽ ነው። እሳቸው ያዩሽ አንድ ቀን ነው። እሱ ሁለት ዓመት ያቺን እጅ ይዞ ሄዷል። ወፏ ዛሬ ከከበደችው፣ የከበደው የእናቱ ፊት ነው። ነገ ስለ ሥራሽ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያው ፊት ይመጣል። ይህን ከሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ደግሞ ለሠርጉ አይደርስም። ሌዘር በሳምንታት እረፍት እየተደጋገመ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ዓመት ይፈጃል።

«ታቱ ያላት ሴት ለትዳር ትሆናለች ወይ? በቅንነት ነው የምጠይቀው።» (ወንድ አንባቢ፣ ባሕር ዳር)

ለትዳር ትሆናለች። ላንተ መሆኗን እሷን ጠይቃት።

በቅንነት ጠየቅከኝ ስላልክ ትንሽ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ 5,300 ዓመት ገደማ የቆየ የወንድ ሬሳ ተገኘ። ኦትዚ ይሉታል። ሰውነቱ ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሯል። ተመራማሪዎቹ መገጣጠሚያዎቹ አካባቢ ያሉትን አይተው «የሕመም ማስታገሻ ሕክምና ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ጥሩ።

አሁን ወደ ግብፅ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1891 ዴር ኤል-ባሕሪ በሚባል ቦታ አሙኔት የምትባል የተነቀሰች ሴት አስከሬን ተገኘ። ሐቶር የተባለችው የግብፃውያን ሴት አምላክ ካህን ነበረች። ሆኖም በዚያ አካባቢ የተገኙ የተነቀሱ ሴቶችን የዘመኑ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ «ጨፋሪ»፣ «ቁባት» እያሉ ሲጽፉባቸው ኖሩ። ወንዱ ታካሚ፣ ሴቷ ጨፋሪ። አራት ሺህ ዓመት መቃብር ውስጥ ተኝታም ከአሉባልታ አላመለጠችም።

ዛሬም ብዙ አልራቅንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ለተማሪዎች በመስመር የተሳሉ የሴት ምስሎች ቀረቡላቸው። ታቱ የተጨመረባቸውን ምስሎች ተማሪዎቹ «ብዙ ትጠጣለች»፣ «ከብዙ ወንድ ጋር ትሄዳለች» ብለው ገመቱ። ልብ በል፣ ስዕል ናቸው። ስዕል አይጠጣም።

«ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ታቱ እሠራለሁ እያለች ታስቸግረኛለች። ኃጢአት ነው ብላት ‹የአያቴስ መስቀል?› ትለኛለች። ምን ልበላት?» (እናት፣ ደሴ)

እህቴ፣ ልጅዎ ተከራካሪ ናት፣ እግዜር ያሳድግልዎ።

ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መነቀስን ይከለክላል። የሚያነሳውም ለሞተ ሰው ሐዘን ሥጋን ከመንጨት ጋር አያይዞ ነው። ከሱ በላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ጠጉርን ዙሪያውን መከርከምን ይከለክላል፣ ወንድ ልጅዎን ግን ከፀጉር ቤት ሲመለስ የሚቆጣው የለም። በኛው ታሪክ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኑ በግንባሩና በእጆቹ ላይ የእምነት ቃል እንዲጽፍ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። የግብፅ ኮፕቶች እስከ ዛሬ አንጓቸው ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። ኢየሩሳሌም ሄደው መስቀል ተነቅሰው የሚመለሱ ተሳላሚዎችም አሉ። ይህን የምልዎት ተፈቅዷል ለማለት አይደለም፣ እሱን የንስሐ አባትዎ ይንገሩዎት። «የአያቴስ?» የሚለው ጥያቄዋ ግን ባዶ እንዳልሆነ እንዲያውቁላት ነው። (ተመሳሳይ ጥያቄ ከሙስሊም እናቶችም መጥቷል። ለነሱ መልሱ አጭር ነው። ሐዲሱ ነቃሿንም ተነቃሿንም ይረግማል።)

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ደብዳቤዎ ሁለት ገጽ ነው። ኃጢአት የሚለው ቃል አንዴ፣ «ሰው ምን ይላል» የሚለው አራቴ አለበት። ቆጥሬዋለሁ። ልጅዎም ሳትቆጥር አትቀርም። ስለዚህ ክርክሩን ትተው ወደሚሰሙት ወሬ ይግቡ። መርፌው እሷ ፊት ከማሸጊያው ይከፈት። ቀለሙ ለሷ ብቻ በተቀዳ ትንሽ ኩባያ ይሁን። ሠሪው ጓንት ያድርግ። የተጋራ መርፌ የጉበት ቫይረስ ቢና ሲን፣ ኤችአይቪንም ያስተላልፋል። በቤተሰባችሁ ቁስል ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ የሚወጣበት ሰው ካለ፣ ታቱውም እንደዚያ ሊያብጥ ይችላል። እስኪቆርጥላት ድረስ በሂና ትሞክረው። ሂናው ግን ቡናማው ይሁን። «ጥቁር ሂና» የሚሉት ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተጨመረበት ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል።

«ከጎንደር ገጠር ተነስተን በዘመቻ ሰለሞን ነው እስራኤል የገባነው። እናቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። ከቤት ስትወጣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ትስበዋለች። የልጄ ባር ሚጽቫ (13 ዓመት ሲሞላው የሚደረግለት የአይሁድ በዓል) ደርሷል፣ እንግዳ ይበዛል። በሌዘር ላስጠፋላት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ስጠይቃት ዝም ትላለች።» (ሴት አንባቢ፣ ነታንያ)

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የእናትሽ ታሪክ የብዙ ቤተ እስራኤል እናቶች ታሪክ ነው። አይሁዳዊት ልጅ ግንባሯ ላይ መስቀል ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ እዚያ ያልኖረ ሰው ነው። አንዷ ከጎረቤት ልጆች ላለማነስ አልቅሳ ተነቅሳለች። ሌላዋን ወላጆቿ ከክርስቲያኑ መሀል ተለይታ እንዳትታይ አስነቅሰዋታል። መንደሩ ውስጥ ከለላ የነበረው ምልክት አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲወርድ ማፈሪያ ሆነ። ያው ግንባር፣ ያው መስቀል።

እናትሽን የሚያስጨንቃት ሃይማኖቱ ከሆነ ሁለት ነገር ንገሪያት። በሃላካ፣ በአይሁድ የሃይማኖት ሕግ ማለት ነው፣ ንቅሳት የተከለከለ ቢሆንም፣ ተገዳ የተነቀሰች ሰው አትጠየቅበትም። ማስጠፋትም ግዴታ አይደለም። «የተነቀሰ ሰው አይሁድ መቃብር አይቀበርም» የሚባለውም ወሬ ነው። ከዚህ በላይ የምታምኑት ረቢ ወይም የቤተ እስራኤል ቄስ ይንገራት፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ይከብዳል።

ሌዘሩን በተመለከተ፣ ይጠፋል። ጥቁር ጥላሸት ከአረንጓዴና ከቢጫ ቀለም ይልቅ ይቀላል። ሌዘሩ ቀለሙን ያደቀዋል፣ ከዚያ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ግን ጥቁር ቆዳ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው ለኛ ቆዳ የሚመረጠው። ሐኪሙን ይህን ጠይቂው፣ መጀመሪያም ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክርላት። አለበለዚያ ሰማያዊው መስቀል ሄዶ በቦታው ነጣ ያለ መስቀል ሊቀር ይችላል። ይህ የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም፣ የሚታወቅ ጉዳት ነው።

ዝምታዋን ግን እንደ እሺ አትቁጠሪው። ስትነቀስ የጠየቃት አልነበረም። ሲጠፋም ሳትጠየቅ እንዳይሆን። ምናልባት ያ መስቀል እዚያ የቀረ ሰው እጅ ሥራ ነው። የነቀሰቻት እህቷ ትሁን ጎረቤቷ ማን ያውቃል? ለባር ሚጽቫው ስትዘጋጁ ሻሽዋን የምታስረው እሷ ናት። ወደ ላይ ብታስረውም፣ ወደ ታች ብትስበውም፣ አንቺ አጠገቧ ቁሚ።

«ለበረራ አስተናጋጅነት ልወዳደር ነው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ ኮከብ አለች። ያስጥለኛል?» (የ22 ዓመት ሴት፣ ሐዋሳ)

እንደ አየር መንገዱ ነው። ለምሳሌ ኤምሬትስ ዩኒፎርም ተለብሶ የሚታይ ታቱ አይፈቅድም። ኤር ኒውዚላንድ በ2019፣ ቨርጂን አትላንቲክ በ2022 እ.ኤ.አ. ክልከላውን አንስተዋል። አሜሪካ ውስጥማ ነገሩ ተገልብጧል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት ከሴቶቹ 38 በመቶ፣ ከወንዶቹ 27 በመቶ ታቱ አላቸው። የኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ችግር ደግሞ ሕጉ ሳይጻፍ መኖሩ ነው። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ካልተጻፈ በስልክ ጠይቂ። ኮከብሽን ግን ደብቀሽ አትግቢ፣ በኋላ የሚያስወቅሰው ታቱው ሳይሆን መደበቁ ይሆናል።

«የቀድሞ ጓደኛዬ ስም ክንዴ ላይ ነው። አዲሱ ‹አጥፊው ወይ ተለያየን› ይላል። ምን ይሻላል?» (ሴት አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ስሙ ስንት ፊደል ነው? ሁለት ሦስት ፊደል ከሆነ ጎበዝ ሠሪ አበባ አድርጎ ይሸፍንልሻል። ከሌዘር ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። የሚሸፍነው ግን ከበፊቱ ተለቅ ያለና ጠቆር ያለ እንደሚሆን እወቂ። የአዲሱን ስም በላዩ ላይ እንዳትጽፊ ብቻ። እሱም ቢሆን «ወይ ተለያየን» ከማለት በፊት ሌዘሩን ግማሽ ይክፈል።

«ታቱ ስላለኝ ደም መለገስ አትችዪም ተባልኩ። ለዘላለም ነው?» (ሴት አንባቢ፣ አዳማ)

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከተነቀስሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ጠብቂ ነው። ምክንያቱ ጸባይሽ አይደለም፣ ኢንፌክሽን ካለ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። የጠየቁሽ ነርስ ቀኑን ሳይጠይቁ «አይቻልም» ካሉሽ ቀኑን አንቺ ንገሪያቸው። ስድስት ወሩ ካለፈ ሂጂና ለግሺ። ቁርስ ሳትበዪ ግን አትሂጂ።