የኦርኪድ ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ፦ ከዓይንሽ በፊት ጣትሽ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «መስኮት አጠገብ የማስቀምጠው ፋላኖፕሲስ የሚባል የኦርኪድ አበባ አለኝ። ሁለት ቅጠሎቹ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። አንዱ ዙሪያው ቢጫ ነው፣ በአራት ቀን እጥፍ ሆነ። ሌላው በመስታወቱ በኩል ያለ ደረቅ ነገር ነው፣ አላደገም። የፈንገስ መድኃኒት ሁለቴ ረጨሁ፣ ለውጥ የለም። እርጥበት ይወዳል ስለተባልኩ ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መርጫውን አስቀምጪ። የመድኃኒቱንም የውሃውንም።

ቀለም ያታልላል። ፀሐይ ያቃጠለውም፣ ብርድ የመታውም፣ ፈንገስ የያዘውም ቅጠል መጨረሻው ቡናማና ጥቁር ነው። እኔ ቀለሙን ትቼ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው፦ ሲነካ እንዴት ነው? በምን ፍጥነትስ ይሰፋል?

ነጠብጣቡን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊው። ውሃ እንደቋጠረ ቁስል ለስለስ ካለ ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙሪው፤ ዳሩ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስላል። መጥፎ ሽታ ካለው ደግሞ አትዘግዪ፣ በጥቂት ቀናት ቅጠሉን በሙሉ ሊያበሰብሰው ይችላል። ፈንገስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይቸኩልም። ደረቅና ጎድጎድ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ከቅጠሉ ጀርባ ቢጫ ሆኖ ይጀምርና ቆይቶ ይጠቁራል። ካልተለየሽ የነጠብጣቡን ዳር በማርከር ክበቢና ቀኑን ጻፊበት።

ያንቺ የመጀመሪያው ቅጠል ባክቴሪያ ይመስለኛል። የፈንገስ መድኃኒቱ ያልሠራው ለዚያ ይሆናል፤ አብዛኛው የፈንገስ መድኃኒት ባክቴሪያ አይገድልም። ማታ የረጨሽው ውሃ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠሉ ላይ ያድራል። ባክቴሪያ የሚሰራጨው በዚያ ውሃ ነው። ሁለተኛው ቅጠል ፀሐይ ያቃጠለው ነው። ያ ቦታ ተመልሶ አይለመልምም፣ ግን አይዛመትም። ቅጠሉን አትቁረጪው፣ ተክሉን አሁንም ይመግባል። መስኮቱ ላይ ስስ መጋረጃ አድርጊ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ስትነኪው ከሞቀሽ ብርሃኑ በዝቶበታል።

አሁን ወደ መቁረጡ። ኦርኪዱን ከሌሎች ተክሎች ለይው። ምላጭ በእሳት አግለሽ አቀዝቅዢ። ከታመመው ዳር 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው አረንጓዴ ገብተሽ ቁረጪ። ሌላ ቁራጭ ከመቁረጥሽ በፊት ምላጩን እንደገና አግይው። እኔ ሙያውን ስጀምር በአንድ መቀስ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው እየዞርኩ ስቆርጥ በሽታውን ራሴ አዳርሻለሁ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነስንሺ። ሥሩን እንዳይነካ፣ ቀረፋ ያደርቃል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ውሃ ጠዋት፣ ያውም ከሥር ብቻ። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ ውሃ ከተጠራቀመ በሶፍት አድርቂው። ፋላኖፕሲስ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት ማደጊያው ይህ መሃሉ ብቻ ነው፤ ብስባሹ እዚያ ከደረሰ ተክሉ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሌሎቹን የነጠብጣብ መንስኤዎች በአጭሩ ልንገርሽ። ቅጠሉ ብርማ በሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች ከተሞላ ጀርባውን በነጭ ሶፍት ጥረጊው፤ ቀላ ያለ ነገር ከያዘ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። ቡናማ ጉብታ በጥፍርሽ ተፍቆ ከተነሳም ነጠብጣብ ሳይሆን ተባይ ነው፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊው። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር እየሆነ ከመጣ ቫይረስ ጠርጥሪ። ቫይረስ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ሌሎቹን ሳይነካ መጣሉ ይሻላል፣ ቢያሳዝንም።

ከቆረጥሽ በኋላ በየቀኑ ጠርዙን ንኪው። ደርቆ ቡናማ መስመር ከሠራ ቆሟል። እንደገና ከረጠበ ጨምረሽ ቁረጪ፤ የቀረው ጉማጅ ብቻ ከሆነ ቅጠሉን በሙሉ አንሺው።