ስለ ወባ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቹ እነሆ

ቆላ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የታማሚው ሰልፍ ከግቢው በር ያልፋል። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የደጋገማቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ወባ ጠፋ አልተባለም ነበር እንዴ?

ጠፍቶ አያውቅም፣ ቀንሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን የተመዘገበው ታማሚ 1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2024 ግን እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፤ 1,157 ሰው ሞተ። ግጭት ባለበት አካባቢ ርጭት ተቋረጠ፣ አጎበር አልደረሰም፣ ጤና ኬላዎች ሥራ አቆሙ። አየሩም እየሞቀ ነው። ደግሞ በሽታው ቀነስ ሲል ሁላችንም ተዘናጋን። እኔን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ በዓለም ደረጃስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የታመመውን 263 ሚሊዮን፣ የሞተውን 597 ሺህ ብሎ ገምቷል። ከ100 ሟች 95ቱ አፍሪካ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ የመጣችበትን ቀን አልረሳም። ልጅቷን ሦስት ቀን አተኩሷታል። ቤት ውስጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽላት ከርሟል። መዳፏ ነጭ ሆኗል፣ ደም የለውም። ጣቷን ወግቼ ደሙን መስታወት ላይ ቀባሁና በማይክሮስኮፕ አየሁት። ቀለበት የመሰለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በየቦታው ፈስሷል። አርቴሱኔት በመርፌ ተሰጥቷት ተረፈች። አንድ ቀን ቢዘገይ ግን እንጃ። ስለዚህ ልጅ ሲያተኩሰው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ አስመርምሩ። ምርመራው እኮ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ በፈጣን መመርመሪያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ጥያቄ፦ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይፈውሳል?

አይፈውስም። ጊዜ ያባክናል።

ጥያቄ፦ ኮአርተሙን በትክክል ጨርሼ ከወር በኋላ ተመለሰብኝ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው?

ላይሆን ይችላል። እኛ አገር በብዛት ያሉት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ቶሎ ይገድላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በዘር የሚወረስ የደም ችግር ያለበትንም ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ባለሙያ እንዳትወስድ። የትኛው ዓይነት እንደነበረብህ ካርድህ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ይዘኸው ሂድ። ኮአርተም ደግሞ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ካልተበላበት በደንብ ወደ ደም አይገባም። ትኩሳቱ ሲተው የቀረውን ፍሬ ለሌላ ጊዜ ብሎ ማስቀመጥም ክፉ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ረግረግ የለ፣ ዝናብ የለ። ወባ ከየት መጣብን?

ከሮቶው! ስቴፈንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ አለ። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘ፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያቱ እሱ ነው። የሚራባው ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃዋል። የሮቶውን ክዳን አጥብቁ፤ በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍታችሁ ግድግዳውን ፈትጉት።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ልጆቼን ይዤ ልመጣ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ እኔስ መከላከያ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግሻል፣ እህቴ። የለመድሽው የመከላከል አቅም ከዓመታት በኋላ ይሟሽሻል፤ ልጆቹ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። አዲስ አበባ ብቻ ከሆናችሁ ስጋት የለም። ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሪ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ኢትዮጵያ ነበርን» በይ፤ እዚያ ያለ ሐኪም ወባ ላይመጣለት ይችላል።

ጥያቄ፦ ክትባትስ?

አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሁለተኛው በ2023 እንዲሰጥ መከረ። የሚሰጠው ለሕፃናት ነው፤ አራት ጊዜ። ሞትን ይቀንሳል፣ አጎበርን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ አዲሱ አጎበር ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ልተወው?

አትተዪው። ከማሸጊያው አውጥተሽ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ላይ አስጪው፤ ማቃጠሉ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣ፣ በበረኪናም አይታጠብ። ማታ ጫፉን ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ሸጉጪው።