በአንጎል ውስጥ መግል፦ በመድኃኒት ብቻ ይድናል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በቅድሚያ ልጅሽን ይማርልሽ። «የ6 ዓመት ልጄ አንጎሉ ውስጥ መግል ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አሉን፤ በመድኃኒት ብቻ አይድንም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመድኃኒት ብቻ የሚድኑ አሉ። መግሉ ትንሽ ከሆነና ልጁ ንቁ ከሆነ፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ እየሰጡ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይከታተሉታል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለፈ ግን ሐኪሞች ማውጣቱን ይመርጣሉ፤ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፣ መግሉ መሀል ደግሞ ደም አይደርስም። የወጣው መግል ላቦራቶሪ ሄዶ ጀርሙ ሲለይም መድኃኒቱ በግምት መሰጠቱ ይቀራል።

«ጭንቅላቱ ይከፈታል» ሲባል ወላጅ ብዙ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥንቱን በትንሹ በስተው መግሉን በመርፌ ይመጥጡታል። ተመልሶ ሊጠራቀም ስለሚችል «ይደገም» ቢሉሽ አትደንግጪ። አጥንት ቆርጦ ማንሳት የሚመጣው የአንጎሉ እብጠት በማኒቶልና በመሳሰሉት እብጠት ቀናሽ መድኃኒቶች አልመለስ ሲል ነው። የራስ ቅል አይለጠጥም፤ ያበጠ አንጎል ቦታ ሲያጣ ወደ ታች እየተገፋ መተንፈስን የሚቆጣጠረውን ክፍል ይጫናል። የተነሳው አጥንት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። እስከዚያ በዚያ ጎኑ እንዳይተኛ፣ እንዳይወድቅም መጠበቅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወላጆችን ከቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚያሳቅቃቸው ያ የሰረጎደ ቦታ ነው።

እኔ ከቢላዋው ይልቅ መዘግየቱን እፈራለሁ። መግሉ አንጎል ውስጥ ወዳሉት የፈሳሽ ጎድጓዶች ከፈነዳ ነገሩ ሌላ ነው። ማስመለስ ካበዛ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ የሐኪም ዙር አትጠብቂ፤ ተጣሪ!

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንቲባዮቲኩ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቀጥላል። ልጁ መጫወት ሲጀምር «በቃ ድኗል፣ እንውጣ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አትስሚው። የሚጥል ሕመም መድኃኒት ከታዘዘለትም ሐኪሙ ሳይል እንዳታቋርጪ።

ደግሞ ምንጩን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሚመግል ጆሮ፣ ከሳይነስ ወይም ከጥርስ ነው፤ አብሯቸው የተወለደ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆችም ይጋለጣሉ። ምንጩ ጆሮው ሆኖ ሳይታከም ከቀረ መግሉ ሊመለስ ይችላል። ነገ ሐኪሙ ሲመጣ የላቦራቶሪው ውጤት ምን እንዳለ፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነና፣ ምንጩ ጆሮው ከሆነ፣ መስማቱ የሚለካበትን ቀን ጠይቀሽ በወረቀት ያዢ።