ባላንስ ሻፍት ለማውጣት ለምትጓጉ ወጣቶች

በገላን፣ በሰበታና በለገጣፎ ጋራዦች ሞተር ለምትፈቱና ለምትገጥሙ ልጆቼ፤

ፈጣን ላንሰር የያዘ ደንበኛ ሁሉ «ባላንስ ሻፍቱን (የሞተሩን ንቅናቄ የሚሽረውን ዘንግ) አውጣልኝ» እያለ ይመጣባችኋል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ሥራው ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ወይ አይነካም። ግማሹን መሥራት ከሁለቱም ይከፋል።

የማወራው ስለ ሚትሱቢሺ 4ጂ63 ሞተር ነው። ፒስተን በላይኛው ግማሽ መንገዱ ከታችኛው ይልቅ ስለሚፈጥን፣ በተርታ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) አንዴ ሲዞር ሁለቴ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል። የ4ጂ63 ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) 150 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 88 ሚሊሜትር ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ፒኑና የቢየላው ላይኛ ክፍል ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ላይ 600 ግራም ቢመዝኑ፣ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ የሚነቀንቀው ኃይል 12,000 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። በ3,000 ዙር ግን ሩቡ ብቻ ነው። ምቱ 100 ሚሊሜትር በሆነው በታላቅ ወንድሙ በ4ጂ64 ሞተር ላይ፣ ክብደቱና ዙሩ እኩል ሆኖ፣ ኃይሉ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ 4ጂ64 ላይ ይህን ሥራ አልመክርም።

ይህን ንቅናቄ የሚሽሩ ሁለት ሻፍቶች መግጠምን ያሰበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ላንቸስተር ነው። ሚትሱቢሺ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አሻሽሎ አመጣው፤ ፖርሸም ለ944 ሞተሩ የሚትሱቢሺን ፈቃድ ገዝቶበታል። አላስፈላጊ ጌጥ ቢሆን ፖርሸ ገንዘብ ባልከፈለበት።

ታዲያ ለምን ይወጣል? ሻፍቶቹ የሚዞሩት በኮሎው እጥፍ ፍጥነት ነው፤ ሞተሩ 7,500 ሲል እነሱ 15,000 ላይ ናቸው። ዘይት ካነሳቸው ብሮንዚናቸው (ሻፍቱ የሚዞርበት ማረፊያ ቀለበት) ይበላል፣ ሻፍቱ ይይዛል፣ ሻፍቱን የምታዞረው ትንሿ ቺንጋ (ቀበቶ) ትበጠሳለች። ቁራጯ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር ከሚያስማማው ከታይሚንግ ቺንጋው ሥር ከገባች ታይሚንጉ ይዘላል፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ለውድድር የሚሠራ ሰው የሚሸሸው ይህን ነው። ጉልበት ፈልጎ የሚመጣውን ግን እቅጩን ንገሩት፤ ሞተሩ ትንሽ ቀለል ብሎ ዙር ያነሳ ይሆናል እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ለውጥ የለም። ተርቦ የሌለው መኪና በእኛ ከፍታ አምስተኛውን ያህል አየር አጥቶ ነው የሚሄደው፤ ጉልበቱ የጠፋው እዚያ ነው። «ካወጣችሁት ኮሎው ይሰበራል» የሚለውም ወሬ ነው። ሻፍቶቹ የሚያሳርፉት የሞተሩን አካልና ተሳፋሪውን እንጂ ኮሎውን አይደለም። የሚላላው የጄኔሬተር ማሰሪያና የጭስ ማውጫ ብሎን ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ሥራው። ብዙዎች ትንሿን ቺንጋ ቆርጠው «አለቀ» ይላሉ። በዚህ ሞተር ትንሿ ቺንጋ የምታዞረው አንዱን ሻፍት ብቻ ነው፤ ሌላው ከዘይት ፖምፓው ማርሽ ጋር ታስሮ መዞሩን ይቀጥላል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የጎን ግፊታቸው ይጣፋ ነበር። አንዱ ሲቀር የላይና ታቹ ንቅናቄ በከፊል ሳይሻር ይቀራል፣ ቀድሞ ያልነበረ የጎን ንቅናቄም ይጨመራል።

በሙሉ ለመሥራት የፊት ሽፋኑ ይውረድ፣ ሁለቱም ሻፍቶች ይውጡ። በፖምፓው በኩል ባለው ቦታ አጭር ምትክ ሻፍት ይገባል። ተሠርቶ የሚሸጠውን ግዙ፤ ቶርኖ ቤት አሮጌውን ሻፍት ካስቆረጣችሁ ግን የብረት ብናኝ ሳይቀር እጠቡት፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ፖምፓው ውስጥ ነውና። የሌላው ሻፍት የፊት ቀዳዳ በልኩ ቡሽ ይደፈን። ኮሎው ላይ ያለችውን የትንሿን ቺንጋ ማርሽ እንዳታወጧት፤ የታይሚንግ ማርሹን ቦታ የምትጠብቅ እሷ ናት።

ብዙ ሞተር የሚበላሸው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ብሎኩ ውስጥ ያሉት የሻፍቶቹ ብሮንዚኖች ዘይት የሚቀበሉበት ቀዳዳ አላቸው። ሻፍቱ ወጥቶ ቀዳዳው ክፍት ከቀረ ዘይቱ በነፃ ይፈስሳል፤ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሆን የኮሎው ብሮንዚን ዘይት ይራባል። አውጥታችሁ አዲስ ብሮንዚን አዙራችሁ ግጠሙ፣ የብሎኩ የዘይት መንገድ በድፍኑ ጎን ይሸፈን። ሁሉንም፣ አንድ እንኳ ሳይቀር።

ፖምፓውን ስትገጥሙ ማርሾቹን ቫዝሊን ሙሏቸው፣ ደርቆ እንዳይነሳ። ሻፍቱ ካለ የፖምፓውን ታይሚንግ የምታረጋግጡት በብሎኩ ጎን ባለው ቀዳዳ 8 ሚሊሜትር ካቻቢቴ አስገብታችሁ ነው፦ 60 ሚሊሜትር ከገባ ልክ ነው፤ 25 ላይ ከቆመ የፖምፓውን ማርሽ አንድ ዙር አዙሩት። ሻፍቱ ከወጣ ይህ ልፋት ይቀራል።

ሻፍቶቹ ሲወጡ ዘይት የሚጠጣው ስለሚቀንስ ግፊቱ ይጨምራል። በጠዋት ብርድ ጌጁ በጣም ከወጣ በዘይት ፊልትሮ ቤት ያለው የግፊት መልቀቂያ መንገድ ይስፋ፤ ወፍራም ዘይት ይህን ያባብሳል። የሞተር ሱፖርቱም (ሞተሩ የሚያርፍበት) የፋብሪካው ጎማ እንዳለ ይቆይ፣ ጠንካራውን ከጨመራችሁበት ዳሽቦርዱ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት የዳሽቦርዱን መብራት ሳይሆን ሜካኒካል ጌጅ እመኑ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.8 ባር ማሳየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ ነው፤ የፊት ሽፋኑን መልሳችሁ አውርዱ እንጂ ወፍራም ዘይት ሞልታችሁ መኪናውን እንዳትሰጡ።