ደራሲው ከየት ቆሞ እንዳየ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

«ሥነ ጽሑፍ የማኅበረሰብ መስታወት ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በድርሰቱ መግቢያ ላይ ያልጻፈ ተማሪ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። እኔም በጊዜዬ ጽፌአታለሁ፤ መምህሬም በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል» ብለውባታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመጻሕፍት አርታኢነት ነውና፣ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ያለኝ ቅሬታ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልለቀቀኝም። መስታወት እኮ ራሱን አይሰቅልም። የሚሰቅለው ሰው እጁ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ያደርገዋል፤ ባለቤቱም «ያንን ጥግ እንዳያሳይ ዘወር አድርገው» ሊለው ይችላል። ስለ ዘርና ስለ መደብ በደል የተጻፈ መጽሐፍ ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ደራሲው ከየት ቆሞ አየ? ያየውንስ ሁሉ እንዲያሳትም ማን ፈቀደለት?

ጥቁር አሜሪካዊውን ደራሲ ሪቻርድ ራይትን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ተወለደ፤ አያቶቹ ባሪያዎች ነበሩ። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ፣ እናቱ ታመው አልጋ ያዙ፣ ልጁም እየተራበ አደገ። መደበኛ ትምህርቱ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም። በሜምፊስ ከተማ በአንድ የመነጽር ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ለጥቁሮች መጽሐፍ አያውስም ነበር። በግለ ታሪኩ እንደተረከልን፣ የአንድ ነጭ የሥራ ባልደረባውን የአባልነት ካርድ ለመነና ተቀበለ፤ ከዚያም ሰውየው የጻፈው በማስመሰል «እባክዎ ለዚህ ልጅ የመንከንን መጻሕፍት ይስጡልኝ» የሚል ማስታወሻ በገዛ እጁ ጻፈ፤ መንከን በዘመኑ የታወቀ አሜሪካዊ ጋዜጠኛና ሐያሲ ነበር። በማስታወሻው ላይ ራሱን የጠራው ነጮች ጥቁሩን ሲያዋርዱ በሚጠሩበት ስም ነው፤ ያ ስድብ ባይኖርበት ወረቀቱን ከነጭ የተላከ ነው ብሎ የሚያምን አልነበረምና። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተጠራጥራ መጻሕፍቱን የምታነባቸው አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ማንበብ አልችልም አላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። አንድ ወጣት እንዲያነብ ሲል መሃይም ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ እንዲከበር የሚያደርገውን እውቀት ለማግኘት አስቀድሞ ራሱን ይሰድባል። ስለ ዘር መድልዎ የተጻፉ ብዙ የጥናት ገጾች ተደምረው ይህን ያህል አይነግሯችሁም።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 «ኔቲቭ ሰን» የተባለውን ልቦለድ አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢገር ቶማስ ነፍስ የሚያጠፋ ወጣት ነው። ቢገር ራይት ነው ብሎ መደምደም ግን ስንፍና ነው። የደራሲው ሕይወት የገባው በሴራው በኩል ሳይሆን በቤቱ በኩል ነው። መጽሐፉ ሲከፈት የቢገር እናት፣ ወንድሙና እህቱ በቺካጎ ጥቁሮች ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ታጭቀው ሲኖሩ፣ ቢገርም ትልቅ አይጥ አሳድዶ ሲገድል እናያለን። ኋላ በሹፌርነት የሚቀጥሩት ባለጸጋ ሚስተር ዳልተን ለጥቁሮች አሳቢ የተባሉ ሰው ናቸው፤ ለወጣቶች መዝናኛ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ለግሰዋል። የዚያች አይጥ ያለባት ክፍል ኪራይ የሚገባው ደግሞ ወደ ዳልተን ኩባንያ ነው። መደብና ዘር እንዴት እንደተቋጠሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የቤት ኪራዩ ወደ ማን ኪስ እንደሚሄድ ይከተል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። መጽሐፉን ለአባላቱ የሚያከፋፍለው ትልቅ የመጻሕፍት ክበብ አንዳንድ ክፍሎች እንዲለወጡ ጠየቀ፤ ተለወጡ። ራይት መጀመሪያ የጻፈው ለአንባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በግለ ታሪኩ በ«ብላክ ቦይ» ላይ የደረሰው ደግሞ የከፋ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ የደቡብ፣ ሌላው የሰሜን፣ ማለትም የቺካጎ ሕይወቱ። ክበቡ የፈለገው የደቡቡን ብቻ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1945 ግማሹ ወጣ። ስለዚህ ያ እትም የሚያልቀው ወጣቱ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ነው፤ ችግሩ ሁሉ ደቡብ ቀርቶ በሰሜን ነጻነት የሚጠብቀው ይመስላል። ራይት ግን በሰሜን ያገኘውንም በደል ጽፎ ነበር። ያ ክፍል ራሱን ችሎ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ደራሲው ካረፈ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። አሳታሚ ሲቆርጥ «እውነትህን ቆረጥኩት» አይልም። «ረዝሟል» ይላል፤ «አንባቢ ይሰለቻል» ይላል። እንጀራዬ ነበርና ቋንቋውን አውቀዋለሁ። በእኛ አገርማ ነገሩ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም፤ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ባሳተመ ማግስት መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እርሱም ከሥራው ተባረረ፣ በዓመቱ ደብዛው ጠፋ።

ከራይት ጎን ጥቁር አሜሪካዊቷን ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተንን አስቀምጡልኝ። እርሷም የደቡብ ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ጥቁሮች ራሳቸው በሚያስተዳድሯት በኢተንቪል፣ ፍሎሪዳ ነው። አባቷ የከተማዋ ከንቲባ ነበሩ። ስለዚህ «ዜር አይዝ ወር ዋቺንግ ጋድ» በተባለው ልቦለዷ ውስጥ ሰዎች በሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይቀላለዳሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ይጣላሉ፤ ነጭ ከሩቅ ነው። ራይት ይህን አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ1937 በጻፈው ሂስ መጽሐፉ ቁም ነገር የሌለው፣ ነጭን የሚያስደስት ነው እስከ ማለት ደረሰ። እኔ በዚህ ነገር ከእርሷ ጋር ነኝ። የተበደለ ሕዝብ ሌት ተቀን ሲያለቅስ ብቻ ካልታየ በደሉ አይታመንም የሚል አንባቢ፣ ሳያውቀው ያንን ሕዝብ ከሰው ተራ ያወጣዋል። ኸርስተን ግን የሥራዋን ዋጋ አላገኘችም። በኋለኛው ዘመኗ በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ስታርፍ መቃብሯ ምልክት እንኳ አልነበረውም። አሊስ ዎከር የተባለችው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1973 ፈልጋ የመቃብር ድንጋይ አቆመችላት።

በዚያው በ1960 ራይትም ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ሃርፐር ሊ ስለ ደቡብ የዘር በደል የጻፈችው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»ም የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ሊ ነጭ ናት፤ አባቷ ጠበቃ ነበሩ፤ ተራኪዋም የጠበቃ ልጅ ናት። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ አንብቡት። እኔን የሚይዘኝ ግን ልጆቹ የቤታቸውን ሠራተኛ ካልፐርኒያን ተከትለው ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ምዕራፍ ነው። ያቺ ሕጻን፣ ያሳደገቻት ሴት ከራሷ ሰዎች ጋር ስትሆን ሌላ ዓይነት አነጋገር እንደምትናገር፣ ከእነርሱ ቤት ውጭ ሌላ ሕይወት እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባታል። ከዚያ ትረካው ወደ ጠበቃው ቤት ይመለሳል። ሊ ከቆመችበት የሚታየው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ያንን ያህል ማሳየቷም ታማኝነት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። ጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል፤ በዛብህን የፈጠሩት ያንን ዓለም ከውስጥ ስለሚያውቁት ነው። በአርበኝነት ተዋግተዋል፣ በጣሊያን እጅ ወድቀው ታስረዋል፣ ኋላም አምባሳደር ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የባላባቱ ሥርዓት ገና አልወደቀም ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ ሲማረኩ አንባቢው ይስቃል፤ ድፍረቱ እዚያ ሳቅ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያወቅነው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነውና ፊታውራሪ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ የሚናገሩት በእርሱ ድምፅ ነው።

የፊታውራሪን ቤት ከአዳራሹ በኩል አየነው። ከጓዳው በኩል፣ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ራሷ የጻፈችው መጽሐፍ ግን ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ አያውቅም። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዘመን ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በመካከላችሁ አሉ። ከቤይሩትና ከሪያድ በቤት ሠራተኛነት ኖረው የተመለሱ እህቶችም አሉ። ከእናንተ መካከል ይህን ለመጻፍ የምትነሱ ካላችሁ፣ ስለ ፍትሕ ንግግር የሚያደርግ ገጸ ባሕርይ አታስገቡብኝ። ሠራተኛዋ የት ትተኛ እንደነበር ጻፉ፤ ምግቧን በየትኛው ሳህን፣ ማን ከበላ በኋላ እንደበላች፤ ፓስፖርቷ በማን መሳቢያ ተቆልፎ እንደነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሷ መጻፍ የምትችል ከሆነች እስክሪብቶውን ስጧትና ከወንበሩ ተነሡ። ሆሄው ቢሳሳት፣ አንቀጹ ቢንዛዛ ግድ የለም፤ አርታኢ ደመወዝ የሚበላው ለዚያ ነው።