ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን ስለ ዕፅ ነው ወይስ ስለ ሞት? ላልከው ወንድሜ

«የሙዲ ብሉዝ ዘፈኖች ድብቅ መልእክት አላቸው ይባላል። ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን ስለ ዕፅ ነው ወይስ ስለ ሞት?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም አይደለም። (ሙዲ ብሉዝ ለማያውቅ፣ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ነው።) መቼም አንተም እንደኔ ዩቲዩብ ላይ ሰምተኸው፣ ከሥሩ ያለው አስተያየት ነው ያዞረብህ። ስለዚህ ከዚህ ጀምር፦

1ኛ፦ ዘፈኑን ነጥለህ አትስማው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት አልበም የአንድ ቀን ውሎ ነው። ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ ጠዋቱን፣ የምሳ ሰዓቱን ግርግር፣ ከሰዓቱን አልፎ ሌሊት ላይ ያበቃል። ናይትስ ያ ሌሊት ነው። የባንዱ ዘፋኝ ጀስቲን ሄይዋርድ ሲደርሰው ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። አንዱ ፍቅር አልቆ ሌላው የጀመረበት ሰሞን ነው። ነጩ ሳቲን ደግሞ ወዳጁ የሰጠችው አንሶላ ነው። አዎ፣ አንሶላ! አንድ ጓደኛዬ ከፈን ነው ብሎ ድርቅ ብሎብኝ ነበር። እኛ ሰምና ወርቅ ካልፈለግን አይሆንልንም።

2ኛ፦ ሙሉውን ግዛ። ዘፈኑ ሲያልቅ በንባብ የሚሰማ ግጥም አለበት። እኔ እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። እዚህ አሜሪካ አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ «ናይትስን ከነግጥሙ» አልኩት። ሻጩ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሲዲ አቀበለኝ። «ግጥሙ አለበት?» ስለው ከስልኩ ቀና ሳይል «ያው ነው» አለኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት፤ ዘፈኑ አለቀ፣ ግጥሙ የለም! ስመልስለት «የተከፈተ አንቀበልም»። ሳይከፈት በምን ይታወቃል? ስለው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ። እኔም ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈው ነግሬው ወጣሁ።

የጻፈው የባንዱ ከበሮ መቺ ግሬም ኤጅ ነው፤ ያነበበው ኪቦርድ ተጫዋቹ ማይክ ፒንደር። ሌት ላሜንት ይባላል። ሌሊት ላይ በየቤቱ ያለውን ሰው ነው የሚያሳይህ፦ ፍቅረኞቹን፣ ፍቅር አጥቶ የሚያለቅሰውን ብቸኛ፣ ልጇን የምታጠባ እናት፣ ወጣትነታቸው የናፈቃቸውን ሽማግሌዎች። ከዚያ ጎንጉ፣ ያ ትልቁ የነሐስ ሳህን፣ ይመታል። የቀኑ ሁሉ መቋጫ ይሄ ሆኖ ሳለ እሱን ቆርጠው ይሸጡልሃል። አሁንም ያናድደኛል።

በነገራችን ላይ፣ ሄይዋርድ ሲዘፍን ከኋላ የሚሰማው ቫዮሊን የሚመስል ድምፅ ኦርኬስትራ እንዳይመስልህ። ሜሎትሮን ነው፤ ቁልፉን ስትጫን የተቀዳ ቴፕ የሚያጫውት መሣሪያ። ፒንደር በርሚንግሃም ውስጥ መሣሪያው የሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ስለነበር ጠባዩን ያውቀዋል።

3ኛ፦ የዕፁ ወሬ። እሱ የመጣው የባንዱ አባል ሬይ ቶማስ ከደረሰው ከ1968ቱ ሌጀንድ ኦቭ ኤ ማይንድ ዘፈን ይመስለኛል። እዚያም ቢሆን ድብቅ ነገር የለም። ኤልኤስዲ የተባለውን የሚያቃዥ ዕፅ ይሰብክ የነበረውን የሃርቫርዱን ሳይኮሎጂስት ቲሞቲ ሊሪን በስሙ ነው የሚጠራው። ሞቷል ይላል፤ ሰውዬው ግን እስከ 1996 በሕይወት ነበር። ሞት ያለው ከራስ መውጣትን ነው፣ እንደኔ እንደኔ።

አድናቂው እንደ ነቢይ እያየ የዓለምን ምስጢር ንገሩን ሲላቸው ደግሞ፣ ሌላው የባንዱ አባል ጆን ሎጅ «እኔ የሮክ ባንድ ዘፋኝ ብቻ ነኝ» የሚል ዘፈን ጻፈ። በ1972 በሰቨንዝ ሶጆርን አልበም ወጣ። ለአንተ ጥያቄ ከዚህ የቀረበ መልስ ከየት ይመጣል?

ልትገዛ ስትል የናይትስን ርዝመት እይ። 7 ደቂቃ ካላለፈ ግጥሙ የለበትም፤ ሻጩ ቢምልልህም አትክፈል።